የዘር እህል አይፈጭም
(ስለ ኬቴ ኮልቪትስ ሥራዎችና ስለ መሥዋዕትነት ሐሳብ፣ ውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች የተደረገ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ጀርመናዊት ሠዓሊና ቀራፂ ነው። ስሟ ኬቴ ኮልቪትስ ይባላል። የጠራኋችሁ ስለ ሥዕል ላወራ ቢሆንም ግማሹ ንግግሬ ስለ አንድ ሐሳብ ነው። አውሮጳ ለብዙ ዘመን ኮትኩታ ያሳደገችው ሐሳብ ነው። ልጇን ለአገር የሰጠች እናት ከእናቶች ሁሉ ትበልጣለች ይላል። ኮልቪትስ ይህን ሐሳብ አምና ልጇን ሰጠች። ከዚያ በኋላ የቀራትን ዕድሜ ያመነችውን ነገር ስትመረምር ኖረች። የመረመረችው በእጇ ነው፤ በእንጨት፣ በድንጋይ፣ በከሰል። ከአውሮጳ ጥበብ አንድ ሰው ብቻ ለልጆቼ እንዳስተዋውቅ ቢፈቀድልኝ እሷን እመርጣለሁ።

ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ከኦገስት 1914 ልጀምር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ የኬቴ ትንሹ ልጅ ፔተር ከጓደኞቹ ጋር ኖርዌይ ውስጥ በእግር እየተጓዘ ነበር። ገና 18 ዓመቱ ነው። ወሬውን ሲሰማ በርሊን ተመልሶ ልዝመት አለ። ለአካለ መጠን ስላልደረሰ ያለ አባቱ ፈቃድ መመዝገብ አይችልም። አባቱ ካርል በበርሊን የሠራተኞች ሰፈር ድሆችን የሚያክም ሐኪም ነበር። አይሆንም አለ። አገር ብትፈልግህ ኖሮ ትጠራህ ነበር አለው። ልጁም መለሰ፤ የእኔን ዕድሜ ገና አልጠራችም፣ እኔን ግን ትፈልገኛለች። ይህን ብሎ ዝም አለና ዓይኑን ወደ እናቱ አዞረ። እንድትለምንለት ነው።

እናቱ ተነሳች። ልጁ ተከተላት። በሩ ላይ ተቃቀፉ። ከዚያ ወደ ባሏ ተመልሳ ስለ ልጁ ለመነችው። ካርል እሺ አለ።

ይህን የምናውቀው እሷ ራሷ በማስታወሻ ደብተሯ ስለጻፈችው ነው። አልደበቀችውም። ፔተር በዚያው ዓመት ኦክቶበር 22 ሌሊት ቤልጂየም ውስጥ፣ ዲክስማይደ በምትባል ከተማ አጠገብ ተገደለ። ጦር ሜዳ ከደረሰ ገና ጥቂት ቀኑ ነበር። መርዶው ቤታቸው የደረሰው ኦክቶበር 30 ነው።

ይህቺ ሴት ጦርነት ናፋቂ አልነበረችም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝም እሱ ነው። በ1867 የተወለደችው ኮኒግስበርግ ውስጥ ነው፤ ዛሬ በሩሲያ ሥር ካሊኒንግራድ የምትባለው ከተማ። የእናቷ አባት ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ተባርሮ የራሱን ነፃ ጉባኤ ያቋቋመ ሰባኪ ነበር። አባቷ ሕግ ተምሮ ነበር። አመለካከቱ ከመንግሥት ጋር እንደማያስኬደው ሲገባው ግን ግንበኛ ሆነ። እንዲህ ባለ ቤት ነው ያደገችው። ካርልን ካገባች በኋላ ደግሞ ሊታከሙ የሚመጡት ሴቶች ጓዳዋ ድረስ እየገቡ ያዋዩዋት ጀመር። ባሏ ሥራ ያጣባት፣ ልጇ የታመመባት፣ እንደገና ያረገዘች። በሥዕሎቿ የምናያቸው ፊቶች እነዚህ ናቸው።

ስሟን ያስጠራት ስለ ሸማኔዎች አመፅ የሠራቻቸው ስድስት የኅትመት ሥዕሎች ናቸው። በ1844 ሲሌዥያ ውስጥ የተራቡ ሸማኔዎች ያነሱት አመፅ ነው። ሐሳቡን ያገኘችው ጌርሃርት ሃውፕትማን ከጻፈው ቴአትር ነው። ሥዕሎቹ በ1898 በርሊን ላይ ሲታዩ ዳኞቹ የወርቅ ሜዳሊያ ይገባታል አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ቪልሄልም ግን ከለከለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ችግርን ከነአስቀያሚነቱ የሚያሳይ ጥበብ ቦይ ውስጥ የወረደ ጥበብ ነው ብሎ በይፋ ተናገረ። እሷ በበኩሏ ማንን እንደምትሥል ታውቅ ነበር። የኅትመት ሥዕልን የመረጠችውም አውቃ ነው። ከአንድ ቅርፅ ብዙ ቅጂ ይታተማል፤ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ከሀብታም ሳሎን አልፎ ሠራተኛው ግድግዳ ላይ ይደርሳል።

እንግዲህ ንጉሡን የማትወድ፣ ለድሆች የቆመች፣ ከነፃ አሳቢ ቤት የወጣች ሴት ናት ለልጇ መዝመት የለመነችው። እኛ ጭካኔ ሲገጥመን ያልወለደ አንጀት እንላለን። እሷ ግን ወልዳለች፣ አሳድጋለች፣ ትወደዋለች። ታዲያ ምን ነካት?

ያን ጊዜ በአውሮጳ አየሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግዲህ ፓርቲ አላውቅም፣ የማውቀው ጀርመናውያንን ብቻ ነው አለ። ጦርነት እንቃወማለን ሲሉ የኖሩት ሶሻል ዴሞክራቶች ለጦርነቱ ገንዘብ ድምፃቸውን ሰጡ። በኦክቶበር 93 ዝነኛ ምሁራንና ጥበበኞች የጀርመንን ጦር የሚከላከል መግለጫ ፈረሙ። ፊዚሲስቱ ማክስ ፕላንክ አለበት። ሠዓሊው ማክስ ሊበርማን አለበት። የሸማኔዎቹን ቴአትር የጻፈው ሃውፕትማንም አለበት። ለተራበ ሸማኔ ያለቀሰው ብዕር ቤልጂየምን ለወረረ ጦር ፈረመ። ስለዚህ የተማረ ሰው፣ ጥበብ የሚወድ ሰው፣ ከእንዲህ ያለ እብደት ይድናል የሚለውን ተስፋ እኔ ካቆምኩ ቆየሁ። ትልቅ ልብ ያላቸው ሰዎች ናቸው የተወሰዱት። አንዳንዶቹን የወሰዳቸው ራሱ የልባቸው ትልቅነት ነው፤ ከራሴ ለሚበልጥ ነገር ልኑር የሚለው ምኞት።

ሐሳቡም በአንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። በ1813 ከጀርመን መንግሥታት አንዷ የነበረችው ፕሩሲያ ናፖሊዮንን ስትዋጋ ሴቶች ጌጣቸውን እንዲያስረክቡ ተጠየቁ። በምትኩ የብረት ጌጥ ተሰጣቸው። ወርቅ ሰጥቼ ብረት ተቀበልኩ የሚለው ቃል ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የክብር መፈክር ሆነ። በ1914 ይኸው ጥሪ እንደገና ተነሳ። ከወርቅ ቀጥሎ የሚሰጠው ልጅ ነው።

ይህ ሐሳብ በኋላ እኛም ቤት ደርሷል። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን በወረረበት በ1935፣ ዲሴምበር 18 ቀን፣ የኢጣሊያ ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ እንዲሰጡ ተጠሩ። ሮም ላይ፣ ባልታወቀው ወታደር መቃብር ፊት፣ ንግሥት ኤሌና የራሷንና የንጉሡን ቀለበት ቀድማ ሰጠች። ሌሎቹ ሴቶች ተሰልፈው ተከተሉ። በወርቁ ፈንታ የብረት ቀለበት ተሰጣቸው። ከሰጡት መካከል ልጃቸው የዘመተባቸው እናቶች ነበሩ፤ እንባቸውም እውነተኛ ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ተከዜ አካባቢ በሠራዊታችን ላይ የመርዝ ጋዝ ጣሉ። ስለ አውሮጳ ሐሳቦች ስናወራ እንደ ሩቅ አገር ጉዳይ እንዳናየው ብዬ ነው ይህን ያነሳሁት። የአንዲት ሮማዊት እናት መሥዋዕት የአንዲት የትግራይ ወይም የጎጃም እናት ልጅ ላይ ነው የወረደው።

ወደ ኮልቪትስ ልመለስ። በኦገስት 27 ቀን 1914፣ ልጇ ገና በሕይወት ሳለ፣ ማስታወሻዋ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፈች። የልጆቻቸውን ሕይወት እንደ ዓይናቸው ብሌን ሲጠብቁ የኖሩ ሴቶች፣ ወደ መድፍ አፍ የሚልኩበትን ጀግንነት ከየት አመጡት? ብላ ጠየቀች። ይህ ከፍ ያለ ስሜት ካለፈ በኋላ ከባድ ተስፋ መቁረጥ ይመጣል ብላ እንደምትፈራም ጻፈች። ልብ በሉ፤ ጥያቄው የመጣባት ልጇን ከመረቀች በኋላ፣ ከመርዶው በፊት ነው። ሁለቱ ነገሮች አንድ ሰው ውስጥ አብረው ኖረዋል። ሰው አንድ ቀን ሲያምን በሌላው ቀን ሲነቃ አይኖርም። እያመነ ይጠራጠራል።

ልጇ ከሞተ በኋላ መንገዱ ረጅም ነበር። ብዙ ሰው ልጇ ሲሞት ጦርነት ጠላች ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሰዋል። እንዲህ ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ ላይ መሥዋዕቱን መካድ ልጁን መካድ መሰላት። በከንቱ ሞተ ብል ምን ይቀርለታል? በኦክቶበር 1916 ማስታወሻዋ ላይ ልጇን በስሙ ጠርታ ታናግረዋለች። ፔተር፣ አሁን በጦርነቱ ውስጥ እብደትን ብቻ ማየቴ አንተን መክዳት ይሆንብኛል ወይ? ትለዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ፈጅቶባታል ይህን ለመጠየቅ። ልጅ የቀበረ ወላጅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ ይህ ጥያቄ ምን ያህል እንደሚከብድ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል።

አሁን ስለ ሐውልቱ ላውራ። ዛሬ ብዙ ጊዜ ልቆይበት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

መርዶው በመጣ በሁለተኛው ወር፣ በዲሴምበር 1914፣ ለፔተርና ለወጣት ዘማቾቹ መታሰቢያ ልሥራ ብላ አሰበች። የመጀመሪያው ሐሳቧ እንዲህ ነበር። ልጁ ተጋድሟል። አባቱ ከራስጌው፣ እናቱ ከግርጌው አሉ። በርሊን አጠገብ ሐቨል የተባለውን ወንዝ ቁልቁል የሚያይ ከፍታ ላይ ይቆማል። በዚህ ንድፍ ውስጥ አሮጌው ሐሳብ ገና በሕይወት እንዳለ ይታያችኋል። መሐል ላይ የሚያምር ሬሳ አለ። ዙሪያው ክብር አለ። ዓመታት ደከመችበት፤ አልሆነላትም። በ1919 ተወችው። አንድ ቀን እመለስበታለሁ ብላ ግን ለራሷ ቃል ገብታ ነበር።

በ1920ዎቹ አጋማሽ ስትመለስበት አንድ ነገር ተለውጧል። ልጁ ከሐውልቱ ወጥቷል። የቀሩት አባትና እናት ብቻ ናቸው፤ ተንበርክከዋል። በእኔ እይታ ኮልቪትስ በሕይወቷ ከወሰነቻቸው ውሳኔዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ሬሳው መሐል ላይ ቢኖር የምናየው ጀግናውን ነበር። እናደንቀው ነበር፣ አልቅሰንለት እንሄድ ነበር። ሬሳው ሲወጣ የምናየው የላኩትን ሰዎች ነው። ዓይናችን ሌላ ማረፊያ የለውም።

ሐውልቶቹ በ1932 ተጠናቀው ፔተር በተቀበረበት የቤልጂየም መቃብር ቆሙ። ከሐሳቡ እስከ ፍጻሜው ወደ 18 ዓመት ነው። ልጁ የኖረውን ያህል ዓመት ማለት ነው። በኋላ በ1956 መቃብሩ ሲዛወር እነሱም አብረው ቭላድስሎ ወደሚባል ቦታ ተወሰዱ። ዛሬም እዚያ ናቸው። ከ25 ሺህ በላይ ጀርመናውያን ወታደሮች በተቀበሩበት ሜዳ ጫፍ ላይ።

ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ቦታው ለጥ ያለ ነው፤ ዛፎች ጥላ ጥለውበታል፤ የመቃብር ድንጋዮቹ መሬት ላይ ተኝተዋል። አባትየው ቀጥ ብሎ ተንበርክኳል። ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጥብቆ ራሱን አቅፏል። ዓይኑ በመቃብሮቹ ላይ ያያል፤ የፔተር ስም ያለበት ድንጋይ ፊት ለፊቱ ነው። እናትየው አጎንብሳለች። ራሷን ደፍታ ጋቢ በሚመስል ልብስ ተጠቅልላለች። ፊቷ የኬቴ የራሷ ፊት ነው። አባትየውም ካርልን ይመስላል።

እዚያ ቆሜ ዓይኔን መንቀል ያቃተኝ ከመካከላቸው ካለው ክፍተት ነው። ሁለቱ በአንድ ድንጋይ ላይ አልተቀረፁም። እያንዳንዱ ለየብቻው ነው። አይነካኩም። አይተያዩም። አንዱ ፈቀደ፣ አንዷ ለመነች። ይህን በቃል ሊነጋገሩት የሚችሉ አይመስሉም። እኛ አገር ለቅሶ ላይ ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይመጣል፣ ጎረቤት እንጀራውን ይዞ ይገባል፤ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። እነዚህ ሁለቱ ማንም የላቸውም። እርስ በርሳቸው እንኳ የላቸውም። ባልና ሚስት ልጅ ሲቀብሩ አንዳንዴ እንዲህ እንደሚሆኑ አውቃለሁ፤ በዘመድ ቤት አይቼዋለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ድንጋዮቹ ያሉት በቤልጂየም መሬት ላይ ነው። ልጁ የሞተው ሊወርረው በሄደበት አገር ነው። የወራሪ እናትና አባት በተወረረው ሕዝብ አፈር ላይ ተንበርክከዋል። የጀግንነት ጽሑፍ የለባቸውም። ሰይፍ የለም፣ የአበባ ጉንጉን የለም፣ ንስር የለም። በዚያው ዘመን ጀርመን ውስጥ፣ እዚያው አካባቢ የወደቁት ወጣቶች አገራቸውን እያወደሱ፣ እየዘመሩ ወደ ጥይት ገቡ የሚል ተረት እንደ እምነት ይሰበክ ነበር። ናዚዎችም ተጠቅመውበታል። እሷ ለዚያ ተረት አንዲት ጠብታ አልሰጠችም። ለእኔ እነዚህ ወላጆች ይቅርታ የሚጠይቁ ሰዎች ይመስሉኛል። ልጃቸውን፣ ምናልባትም የአገሩን ባለቤቶች ጭምር።

ሐውልቶቹ በተተከሉበት በ1932 በጋ ኬቴ ከካርል ጋር ሄዳ ነበር። በእናትየዋ ፊት ቆማ፣ የራሷን ፊት አይታ እንዳለቀሰች ጽፋለች። ጉንጯን ዳበሰቻት። ካርል ከኋላዋ ቆሞ አዎ፣ አዎ እያለ ሲያንሾካሹክ ሰማችው። 

በመሐሉ ሌላ ሥራ አለ፤ በአጭሩ ልጥቀሰው። በ1923 ጦርነት የሚል ርዕስ ያላቸው ሰባት የእንጨት ቅርፅ ኅትመቶችን አወጣች። ከሰባቱ በአንዱም ላይ ጠላት የለም። ጠመንጃ የለም፣ ምሽግ የለም። ያለው ቤት ውስጥ የቀረው ሰው ነው። የመጀመሪያው ላይ አንዲት ራቁቷን የሆነች እናት ሕፃኗን ከፍ አድርጋ ታቀርባለች፤ ርዕሱም መሥዋዕት ነው። ሁለተኛው ላይ ሞት ከበሮ እየመታ ወጣቶቹን ይመራል። ከሞት አጠገብ ያለው ወጣት ፔተር ነው። እናቶች የሚለው ላይ ደግሞ ሴቶቹ ክብ ሠርተው እርስ በርስ ተጣብቀው ልጆቻቸውን መሐል ደብቀዋል። በመጀመሪያው የምታቀርበውና እዚህ የሚደብቁት አንድ ዓይነት እናቶች ናቸው። ጠቅላላ ሕይወቷ በእነዚህ ሥዕሎች መካከል ያለው መንገድ ነው።

የመጀመሪያውን ሥዕል አንድ ሰው ሩቅ ቻይና ውስጥ አገኘው። ጸሐፊው ሉ ሹን ነው። በፌብሩዋሪ 1931 ወጣቱ ጓደኛው ጸሐፊ ሮው ሺ ሻንግሃይ ላይ በመንግሥት እጅ በምሥጢር ተገደለ። ሮው ሺ ዓይነ ስውር እናት ነበረችው። ሉ ሹን ሐዘኑን በግልጽ መጻፍ አይችልም፤ ያስገድለዋል። ስለዚህ የኮልቪትስን መሥዋዕት የተባለውን ሥዕል መጽሔት ላይ አሳተመ። የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያም በ1936 የሥዕሎቿን ስብስብ አወጣ፤ የቻይና ወጣት ሠዓሊዎች ከእሱ ብዙ ተማሩ። የአውሮጳ ጥበብ ለእኛ ምን ያደርጋል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ይህን ታሪክ ነው የምነግረው። በርሊን ያለች እናት ለራሷ ልጅ የሠራችው ሥዕል፣ ማየት ለማትችል ቻይናዊት እናት አለቀሰላት።

አሁን አንድ ጥያቄ ከፊታችሁ ላይ ይነበበኛል። አድዋስ? አርበኞቹስ? የእኛ አባቶች ልጃቸውን ባይሰጡ ዛሬ አገር ይኖረን ነበር ወይ? ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሸሽቼ አላልፈውም። ቤቱ የተወረረበት ሰው መዋጋቱ ስህተት ነው አልልም። ኮልቪትስን ለዚህ ጥያቄ መልስ አድርጌ አላቀረብኳትም። ጀርመን በ1914 ቤልጂየምን የወረረች አገር ናት። ግን ይህን ልብ በሉ። የወራሪዎቹም እናቶች የሚነገራቸው ልክ እኛ የሚነገረን ቃል ነበር። አገር ተወርራለች፣ ክብር ተነክቷል፣ ልጅሽን ስጪ። ስለዚህ ቃሉ ብቻውን እውነቱን አያሳየንም። ልጅ ከመመረቁ በፊት ቁጭ ብሎ መጠየቅ የወላጅ ድርሻ ነው፤ ማን ላይ ነው የሚዘምተው? ለምን? የላከውስ ማነው? ካርል በዚያች ምሽት ይህን ለመጠየቅ ሞክሮ ነበር።

ኮልቪትስ ራሷ ይህን ድርሻ የተረዳችው ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል ነው። በኦክቶበር 1918 ጀርመን ተሸንፋ ሳለች፣ ገጣሚው ሪሻርድ ዴሜል አቅም ያለው ወንድ ሁሉ ለመጨረሻው ፍልሚያ ይዝመት ብሎ ጥሪ አወጣ። እሱ ራሱ በፈቃዱ የዘመተ ሰው ስለነበር ቃሉ ክብደት ነበረው። እሷ በሶሻል ዴሞክራቶቹ ጋዜጣ መልስ ሰጠችው። ያለቀው ሰው ይበቃል፤ ከእንግዲህ አንድም ሰው አይውደቅ አለች። ከታላቁ ጀርመናዊ ገጣሚ ከጎተ ደግሞ አንድ ቃል ጠቀሰች። የዘር እህል አይፈጭም።

ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ክፉ ዘመን መጥቶ ቤተሰብ ሲርበው ሁሉም ነገር ይበላል፣ ይሸጣል። ጎታ ውስጥ ያለው ዘር ግን አይነካም። እሱን የፈጨ ሰው ዛሬ ቢጠግብም የከርሞውን ዝናብ በባዶ ማሳ ነው የሚቀበለው።

ስለ ዛሬው ዘመን ላንሳ። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን አገራችን የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ማን ጀመረ፣ ማን በደለ የሚለውን ለመከራከር አልመጣሁም። እኔ ማንሳት የምፈልገው እኛ፣ ውጭ አገር የምንኖረው፣ በሁሉም ወገን ያለነው፣ ያን ጊዜ ምን እንደሠራን ነው። ቀረርቶ ለቀቅን። ገንዘብ አዋጣን። የወደቀ ወጣት ፎቶ ከሻማና ከባንዲራ ጋር ለጠፍን። ጀግና አይሞትም ብለን ጻፍን። እናቱ ገና መርዶ አልደረሳትም ነበር። ለብዙ ቤት መርዶው የደረሰው ጦርነቱ ካበቃ ከወራት በኋላ ነው። የእሷን ሐዘን እሷ ሳታውቀው ቀድመን ወሰድነው። ለሚቀጥለው ዘማች መቀስቀሻ አደረግነው። የእኛ ልጆች ደግሞ በዚያው ሰዓት እዚህ ትምህርት ቤት ነበሩ። ይህን ስል ድምፄ ከፍ ካለ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ዝም ብዬ ማለፍ ስለማልችል ነው።

የእናት ሐዘን ለመንግሥት በጣም ይመቸዋል። ይህን የኮልቪትስ የራሷ ሥራ ላይ ማየት ይቻላል። በርሊን መሐል ኖየ ቫኸ የሚባል ትንሽ ሕንፃ አለ። በ1818 የተጠናቀቀ የዘበኞች ቤት ነበር። በኋላ መታሰቢያ ሆነ። በ1993 ቻንስለር ሄልሙት ኮል ኮልቪትስ በ1930ዎቹ መጨረሻ የሠራችውን የእናትና የሞተ ልጇ ቅርፅ አስገባበት። የመጀመሪያው ቅርፅ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ነሐስ ነው። እዚያ ያለው በሌላ ቀራፂ እጅ የሰው መጠን እስኪያህል የተተለቀ ነው። ጽሑፉ ለጦርነትና ለአምባገነን አገዛዝ ሰለባዎች ይላል። ብርቱ ክርክር ተነሳ። አይሁድ እዚህ ምስል ውስጥ የት ናቸው? ተባለ። ራሳቸው ከነልጆቻቸው የተገደሉት እናቶችስ? ገዳይም ሟችም በአንድ ልቅሶ ሥር መግባታቸው ልክ ነው ወይ? ከክርክሩ በኋላ የተገደሉትን ወገኖች ለይቶ የሚጠራ ጽሑፍ በመግቢያው ተጨመረ።

በእኔ አስተያየት ተቺዎቹ እውነት አላቸው። እዚያ ስቆም ልቤ ይነካል፤ ከላይ ጣሪያው ክፍት ነው፣ ዝናብም በረዶም እናትየዋ ላይ ይወርዳል። ግን ምስሉ ጥያቄ አይጠይቀኝም። ያስለቅሰኝና ያሰናብተኛል። ቭላድስሎ ያሉት ሁለቱ ድንጋዮች እንዲህ አያደርጉም። እነሱ አንተስ ማንን ላክህ? አንቺስ? ይላሉ። ሁለቱ የአንድ ሰው ሥራ ናቸው፤ ቦታውና ያስቀመጣቸው እጅ ግን የተለያየ ነው። አገራችን ወደፊት ለዚህ ጦርነት መታሰቢያ ስትሠራ ይህን ልዩነት የሚያውቁ ሰዎች ቢኖሯት እመኛለሁ።

ኮልቪትስ በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ፣ ግራ ዘመሞች በሂትለር ላይ እንዲተባበሩ የሚጠይቅ ጥሪ ስለፈረመች ከፕሩሲያ የጥበብ አካዳሚ እንድትወጣ ተገደደች። በ1919 ወደ አካዳሚው የገባች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ነበረች። ካርል በ1940 ሞተ። እሷ ሰባ ዓመት አልፏት በ1942 መጀመሪያ የመጨረሻውን የድንጋይ ኅትመቷን ጨረሰች። ርዕሱ ያው የ1918ቱ ቃል ነው፤ የዘር እህል አይፈጭም።

አንዲት ጠና ያለች ሴት ክንዶቿን ዘርግታ ሦስት ልጆችን ካፖርቷ ሥር ሸሽጋለች። ክንዶቿ ከባድ ናቸው፤ የሥራ ክንዶች ናቸው። ዓይኗ ቁጡ ነው። ልጆቹ ግን የተረጋጉ አይደሉም። ሾልከው ለመውጣት ይቁነጠነጣሉ፤ ዓይናቸው ወደ ውጭ ነው። ኬቴ ይህን ከፔተር ታውቀዋለች። ልጅ መሄድ ይፈልጋል። የ1914ቷ እናት የልጇን ፍላጎት አይታ በር ከፈተችለት። የ1942ቷ እናት ያንኑ ፍላጎት ታየዋለች፤ ክንዷን ግን አታነሳም። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የልጅ ልጇ ሩሲያ ውስጥ ተገደለ። ስሙ ፔተር ነበር፤ በአጎቱ ስም ነው የተጠራው።

ኮሎኝና በርሊን ውስጥ በስሟ የተሰየሙ ሙዚየሞች አሉ። ቭላድስሎም ከብራስልስ ሩቅ አይደለም፤ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። ልጆቻችሁ ለአካለ መጠን እየደረሱ ከሆነ ይዛችኋቸው ሂዱ። ስለ ጥበብ ታሪክ ማስተማር አይጠበቅባችሁም። የፔተርን ታሪክ ብቻ ንገሯቸው፤ እናቱ እንደለመነችለትም ሳትደብቁ። ምን እንደሚሏችሁ ስሟቸው።

እኔ እዚህ ላይ ላብቃ። ማይክራፎኑ ይዞራል፤ ጥያቄም አስተያየትም ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።